ለአበበ ቢቂላ ያልተሠራው ሰዓት

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ተካሄደ። አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ዛባላ በ2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። በዚያ ኦሊምፒክ የውድድሮቹን ሰዓት የመያዙ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር። የስዊዘርላንዱ ኦሜጋ 30 የኪስ ክሮኖግራፎችንና አንድ ሰዓት ሠሪ ከቢየን ከተማ ባሕር አሻግሮ ላከ። ክሮኖግራፎቹ ሰከንድን ለአሥር ከፍለው ይለኩ ነበር። በዚያው ዕለት በሸዋ ደጋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ ባለችው ጃቶ መንደር፣ አበበ ቢቂላ እንደተወለደ ይነገራል። የገጠር ልጅ የልደት ቀን ከመዝገብ ይልቅ በቤተሰብ ትውስታ የሚያዝበት ዘመን ነበርና ግጥምጥሞሹን የታሪክ ማጣፈጫ አድርጎ መውሰዱ ይበቃል። የአበበ የኦሊምፒክ ሩጫ ዘመን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በሁለት የሰዓት ኩባንያዎች እጅ ውስጥ ማለፉ ግን ግጥምጥሞሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ዛሬ ውድ የእጅ ሰዓት ሲነሳ የመኪና እሽቅድምድም ነጂ ስም አብሮ ይነሳል። ሆየር ሲባል ስዊዘርላንዳዊው ጆ ሲፈርት፣ የሮሌክሱ ዴይቶና ሲባል ፖል ኒውማን ይጠራሉ። ሰብሳቢዎች ለእነዚህ ሰዓቶች የሚከፍሉት ገንዘብ ቤት ብቻ ሳይሆን ሰፈር የሚገዛ ነው። የሚሰጡትም ምክንያት ሰዓቱ ከታላቅ ውድድር ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው የሚል ነው። ታሪኩ በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል ሲታይ ግን ይህ ምክንያት አይጸናም። የነጂዎቹ ሰዓቶች ከነጂዎቹ ውድድር ጋር የነበራቸው ግንኙነት እጅግ ቀጭን ነው። ተወዳዳሪና የሰዓት ጥበብ በእውነት የተገናኙበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው ከእሽቅድምድም ሜዳ ይልቅ ሮምና ቶኪዮን ቢያይ ይሻለዋል። በዚያ የሮጠው ሰው ስም ግን በጨረታ አዳራሽ ሚሊዮኖች በሚጠየቅበት ሰዓት ላይ አይገኝም።

የሮሙ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ከሙቀቱ ለመሸሽ ውድድሩ አመሻሽ ላይ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተጀመረ፤ ፍጻሜው በጨለማ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር። በአፒያ መንገድ ዳርና ዳር የቆሙ ወታደሮች ችቦ ያበሩ ነበር። የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ 11 ቁጥርን ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ጠንካራ ተፎካካሪ ይሆናል ብለው ያስጠነቀቁት ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ለብሶ ስለመጣ፣ አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው እርሱ መሆኑን ሳያውቅ ወደ ፊት 26 ቁጥርን ይፈልግ ነበር። ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ጣሊያኖች ከአክሱም ወስደው በፖርታ ካፔና ያቆሙት ሐውልት ዘንድ ሲደርስ፣ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ጥሎት ሄደ። በ25.4 ሰከንድ ቀድሞት ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የሰዓቱን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። ራዲን ለመቅደሙ ምስክር የሚሆን ሰዓት አያሻም ነበር፤ ከመቶ ሜትር በላይ የሆነውን ርቀት ማንም በዓይኑ ያየዋል። ኦሜጋ የመዘገበው ግን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነው። ከዚያ በፊት የዓለም ፈጣን የማራቶን ሰዓት የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ በእኛ 1950 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነበር። ልዩነቱ የአንድ ሰከንድ ስምንት አሥረኛ ብቻ ነው። አበበ በሮጠበት ፍጥነት ይህ ከአራት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ፖፖቭ ራሱ ሮም ላይ ሮጦ አምስተኛ ወጥቷልና በዚያች ምሽት እንደተሸነፈ ማንም ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ አገር፣ በሌላ መንገድ፣ በሌላ የአየር ጠባይ የሮጠውን ፖፖቭ አበበ በአራት ሜትር መቅደሙ ግን የሚታወቀው በሰዓት ብቻ ነው። ሰከንድን ለአሥር የማይከፍል ሰዓት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ክርክር ያስነሳ ነበር። በእጅ ተይዞ በአውራ ጣት የሚጫን ሰዓት በዚህ ደረጃ ይታመናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠየቀ። በእጅ የተያዙ ሁለት ሰዓቶች አንድን ሯጭ ለክተው የተለያየ ቁጥር ማሳየታቸው በዚያ ዘመን የተለመደ ነበርና። ይህን ጉድለት ለማረም የሞከሩት ደግሞ ጃፓኖች ናቸው።

ቶኪዮ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1964ቱን ኦሊምፒክ ስታገኝ የሰዓቱን ሥራ የአገሯ ኩባንያ ሴይኮ እንዲይዘው ተፈለገ። ሴይኮ ለስፖርት መለኪያነት በዓለም አይታወቅም ነበር። መሐንዲሶቹ በመጀመሪያ የያዙት ሥራ ቁልፉ ሲጫን የሚፈጠረውን መዛነፍ መቀነስ ነበር፤ በእጅ የሚያዘውን መለኪያ ከውስጡ ጀምረው ቀየሩት። ሌሎቹ የኩባንያው ሰዎች የሠሩት ደግሞ የበለጠ ረጅም ዕድሜ ነበረው። በኤሌክትሪክ ሲነካ እኩል የሚርገበገበውን የኳርትዝ ድንጋይ ተጠቅሞ ሰዓት መሥራት ቀደም ሲል የታወቀ ጥበብ ነው፤ ግን የኳርትዝ ሰዓት ቁምሳጥን የሚያህል፣ በሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የሚተከል ዕቃ ነበር። ሴይኮ ይህን ቁምሳጥን ወደ ሦስት ኪሎ ግራም ሳጥን አወረደው። ክሪስታል ክሮኖሜትር ተባለ፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ በእጅ ይነሳል፣ በቀን የሚሳሳተው ከአንድ ሰከንድ አምስተኛ አይበልጥም። ሴይኮ ለቶኪዮ ካቀረባቸው 1,278 የመለኪያ መሣሪያዎች መካከል አንዱ ዓይነት ይህ ነበር። የተመደበለትም ሥራ ማራቶንን የመሰሉ ረጅም ውድድሮችን በተጠባባቂነት መለካት ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ጎዳና ላይ ሲሮጥ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። ከሮም ወዲህ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ አሸንፏል፤ በ1955 ዓ.ም. በቦስተን አምስተኛ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ በእግሩ የፑማ ጫማ አለ። ከግማሹ ርቀት በኋላ ብቻውን ቀረ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲል ሪባኑን በጠሰ። እንግሊዛዊው ባዝል ሂትሊ በዚያው ዓመት አስመዝግቦት የነበረው የዓለም ፈጣን ሰዓት በአንድ ደቂቃ ከአርባ አራት ሰከንድ ገደማ ተሻሻለ። ሂትሊ ራሱ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ፣ ጃፓናዊውን ኮኪቺ ጹቡራያን በመጨረሻው የስታዲየም ዙር ቀድሞ ሁለተኛ ሲገባ፣ አበበ ሣሩ ላይ የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ እየሠራ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በትችት የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። የኳርትዙ ሳጥን ተጠባባቂ ብቻ ነበር፤ የአበበን ድል ያጸደቀው እርሱ አይደለም፤ በአራት ደቂቃ ልዩነት ያሸነፈ ሰውን በግድግዳ ሰዓትም መለካት ይቻል ነበር ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ሮም ላይ ሰዓቱ ለአበበ አንድ ነገር ሰጠው፤ ቶኪዮ ላይ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰዓቱ ለአበበ ያደረገለት አልነበረም፤ የተጠቀመው ሰዓቱ ነው። አዲስ መሣሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ለመታመን ቀላል ነው። በጎዳና ላይ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በሚፈጅ፣ ሊደገም በማይችል ውድድር መካከል ሥራ ላይ ውሎ ማለፉ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ፈተና ማራቶን ተመረጠ፤ የዚያን ዕለቱ ማራቶን ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም ያልሮጠው ፈጣኑ ማራቶን ሆነ። ሴይኮ ከኦሊምፒኩ የወጣው በዓለም ገበያ ስም ይዞ ነው፤ ሳጥኑን ወደ እጅ አንጓ የማውረዱ ሥራም ቀጠለ።

በ1961 ዓ.ም. ክስተቶቹ ተደራረቡ። ጥቅምት 10 ቀን በሜክሲኮ ከተማ አበበ እግሩን ታሞ ከ17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረ። አበበ በዚያው ወቅት ሻምበል ሆነ። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 1969፣ ሆየርና አጋሮቹ ያለ እጅ ማጠንጠን የሚሠራውን ክሮኖግራፋቸውን በጄኔቫና በኒውዮርክ ይፋ አደረጉ። ከሰዓቶቹ አንዱ ባለ አራት ማዕዘኑ ሞናኮ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን ሌሊት፣ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። ሸኖ ብርድ የማይለያት የደጋ ከተማ ናት።  ልጁ ጽጌ አበበ በጻፈችው መጽሐፍ፣ አባቷ በፍጥነት የሚመጣ ላንድሮቨር ለማሳለፍ ሲል ከመንገድ እንደወጣ ትገልጻለች፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ሌላ ግምት አላቸው። የማያከራክረው እውነት፣ እስኪነጋ መኪናዋ ውስጥ ተይዞ መቆየቱና ከዚያች ሌሊት በኋላ በእግሩ አለመቆሙ ነው። ሁለት እግሮቹን ዝነኛ ያደረገ ሰው መሪ ይዞ መጎዳቱን ሰው በምፀት ያወራዋል። እኔ ምፀቱን አልወደውም። መኪናዋ ለውለታው የተሰጠችው ሽልማት ነበረች፤ መንገዱም ወደ ተወለደበት አገር የሚወስደው መንገድ ነው።

ያው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ሊያበቃ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የዓለም የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። የወርቅ ቀፎ ነበረው። ዋጋው 450,000 የን፣ ያኔ አንድ ቶዮታ ኮሮላ የሚገዛ ነበር። በወር የሚሳሳተው ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። የማራቶኑ ሦስት ኪሎ ሳጥን በአምስት ዓመት ውስጥ እዚህ ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ ኳርትዝ ረከሰ፤ የአምስት ሰከንድ ትክክለኛነትም ማንም ተማሪ በእጁ የሚያስረው ነገር ሆነ። በ1970 እ.ኤ.አ. 90 ሺህ ገደማ ሠራተኞች የነበሩት የስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ በሁለት አሥርት ዓመት ውስጥ ወደ 30 ሺህ አሽቆለቆለ።

የነጂዎቹን ታሪክ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። የሆየር ኩባንያ መሪ ጃክ ሆየር በ1969 እ.ኤ.አ. ከጆ ሲፈርት ጋር ተዋዋለ፤ ነጂው የኩባንያውን ምልክት በልብሱና በመኪናው ላይ ይለጥፋል፣ በዓመት 25,000 ፍራንክ ይከፈለዋል። በጅምላ ዋጋ ሰዓት እየወሰደም ለጓደኞቹ ነጂዎች ይሸጥ ነበር፤ ጎበዝ ነጋዴ ነው። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በ1970 እ.ኤ.አ. ለ ማን የተባለውን ፊልም ሲሠራ ሲፈርትን ለመምሰል ፈለገ፤ ልብሱን ከነሆየር ምልክቱ ለበሰ፣ ሞናኮ ሰዓትም በእጁ አሰረ። ሲፈርት ጥቅምት 1964 ዓ.ም. በእንግሊዝ ብራንድስ ሃች ሜዳ መኪናው ተቃጥሎ ሞተ። ሞናኮ በጊዜው ገበያ አላገኘም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ መመረቱ ቆመ። ሆየር ራሱም በኳርትዝ ማዕበል ተመትቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። ሯጮች ሰዓት አያስሩም፣ ነጂ ግን ሰዓቱ የሥራ ዕቃው ነው የሚል ካለ፣ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኩርባ የሚይዝ ሰው የእጅ አንጓውን አያይም። ዙሩን የሚለኩለት በመንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ውጤቱንም በሰሌዳ ጽፈው ያሳዩታል። ለሲፈርት ሰዓቱ ማስታወቂያ ነበር፤ ለማክዊን የፊልም አልባሳት።

አበበ በእነዚያ ዓመታት ሌላ ዓይነት ውድድር ውስጥ ነበር። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በቀጣዩ ዓመት በኖርዌይ የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ የሰዓት ኩባንያ ሲፈርትን እንዳዋዋለው ያላዋዋለው ለምንድን ነው ቢባል፣ የሚቀርበው ጠንካራ መልስ የአማተርነት ሕግ ነው። በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ሯጭ በስሙ ገንዘብ ከተቀበለ ከውድድር ይታገድ ነበር። ይህን መልስ እቀበላለሁ፤ ግን ግማሹን ብቻ ያብራራል። ሕጉ የከለከለው ሯጩ እንዳይቀበል ነበር፤ ሌሎች በእርሱ ሩጫ ስም እንዳያተርፉ አልከለከለም። የጫማ ፋብሪካዎችም ሆኑ ሰዓት ሠሪዎች ከሜዳው ያተረፉት በግልጽ ነበር። ከአደጋው በኋላ ደግሞ ዳግም ሯጭ አልሆነምና የሚታገድበት ነገር አልቀረም።

ስሙ ዋጋ እንዳልነበረው አድርጎ ማሰብም አይቻልም። በ2010 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑ ቪብራም ጣት ጣት ያለው፣ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል የተባለ ጫማ ሠርቶ ቢቂላ ብሎ ሰየመው። በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ ሰው ስም ለጫማ መሸጫ ዋለ። ቤተሰቡ በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ለመክሰስ ዘግይታችኋል ብሎ ክሱን ዘጋው። የኢትዮጵያ ስም በሰዓት ገበያ አይፈለግም የሚለውም ወዲያው ፈረሰ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በጄኔቫ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዘርላንድ ፍራንክ አወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት በባለቤትነት ጥያቄ ከጨረታ ተነስቶ የነበረ ሰዓት ነው። ከሽያጩ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ኒውዮርክ ላይ የፖል ኒውማን ዴይቶና በ17,752,500 ዶላር ተሽጧል። ኒውማን እውነተኛ ነጂ ነበር፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ሁለተኛ ወጥቷል። ሰዓቱን ውድ ያደረገው ግን ያ ውጤት አይደለም፤ ሚስቱ ተጠንቅቀህ ንዳ የሚል መልእክት አስቀርጻ የሰጠችው መሆኑና የተዋናይነት ዝናው ነው። የዚያ ዓይነት ገጽ ያለው ዴይቶና አዲስ ሳለ የሚፈልገው አልነበረም። የማክዊን ሞናኮም በ2020 እ.ኤ.አ. በ2.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ የሞተው ነጂ ሲፈርት ነው፣ ዋጋ ያወጣው ልብሱን ለብሶ የመሰለው ተዋናይ።

አበበን የጎደለው ፊልም ነው እንዳይባል፣ ኮን ኢቺካዋ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቶኪዮ ኦሊምፒያድ ላይ ካሜራው በአበበ ፊት ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ ከማክዊን ፊልም ይልቅ የሚደነቅ ሥራ ነው። ዝናም፣ ድልም፣ ምስልም፣ ከሰዓት ጋር የመገናኘት እውነተኛ ታሪክም ነበረው። ከሲፈርት የሚለየው በ1969 እ.ኤ.አ. ጃክ ሆየር ያቀረበውን ዓይነት ወረቀት ይዞ የመጣለት ሰው አለመኖሩ ነው፤ በኋላም ስሙን አስመዝግቦ የሚጠብቅለት ድርጅት አልቆመለትም። ቪብራም ይህን ክፍተት ሲያገኝ የቤተሰቡን ፈቃድ ሳይጠይቅ ስሙን ተጠቀመ፤ ሰዓት ሠሪዎቹም ነገ ቢያስቡት የሚያግዳቸው ነገር ብዙ አይደለም።